ግስ የጠፋበት ክረምት

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጋሼ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ባለቤቴ በማሠልጠኛ መኪናው አመጣቸው፤ ጣሪያው ላይ «ለማጅ» የሚለው ሰሌዳ እንዳለ። ሚስታቸው እትዬ ከኋላ አብረዋቸው ተቀምጠው የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ይዘውላቸዋል። ጋሼ ሲወርዱ ሰሌዳውን አይተው በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ሳቅ ስጠብቅ ነበር። የሳቁት ግን ለባለቤቴ ነው።

የንግግር ሐኪሟ «የሚናገሩትን ሁሉ በየቀኑ መዝግቡ» ብላናለች። ለእሷ የምሰጠው ሌላ ደብተር ነው። ይሄ የእኔ ነው።

ጋሼ ሃያ አንድ ዓመት መምህሬ፣ ቀጥሎም በቋንቋ ጥናት ክፍላችን የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራቸውን ቤታቸው ይሠራሉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ነው ቀኝ ጎናቸውን የያዛቸው። ሰው ሲናገር ይገባቸዋል። ስምም አልጠፋቸውም፤ መስኮት፣ ውሃ፣ መነጽር ይላሉ። የጠፋው ግሱ ነው። «ውሃ» ይሉና ይቆማሉ፤ ይቀዳ ይሁን ይደፋ፣ ይሙቅ ይሁን ይወሰድ አይታወቅም። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነው ትላለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ግስ ቦታ ላስተማሩ ሰው ግን ምኑ ይለመዳል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። ጭምቷ። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም የሚጠራት እንዲህ ነው። ረዳት መምህር ሆና ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስብሰባ ላይ ድምጿ ከተሰማ ሰው ዞር ብሎ ያያል።

በጋሼ ግራ በኩል ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እኔ እንደ ሁልጊዜው በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ስትመጣ፣ «በቀኝ በኩል ያለውን በደንብ አያዩትም፤ በግራ ሁኑላቸው» አለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀኝ ነበርኩ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አልኳት ስንወጣ።

«ጠየቅኩ» አለች።

ጠየቀች። ይኸው ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከሰዓት። ዝናብ ነው። ባለቤቴ ጋዜጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ሳምንቱን ሙሉ በግርግር አሳልፌ ዛሬ ገና በወጉ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ቀን ትዝ አለኝ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፉ፤ «የጎረቤታችን እህት የገዛችው ቤት የበር ቁልፍ»። ከሥሩ ዛፍ ሳሉ፤ ቅርንጫፎቹ አንዱ ከሌላው ሥር እየተሰነጠቁ ወደ ግራ የሚወርዱ። «ስለ ምንድን ነው የማወራው?» አሉ። አንዱ ስለ ጎረቤቱ አለ፤ ሌላዋ ስለ እህቱ።

«ስለ ቁልፍ ነው» አሉ ጋሼ። «ቁልፉ እጃችሁ የገባው ግን መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ጎረቤቱንም፣ እህትየዋንም፣ ቤቱንም፣ በሩንም ተሸክማችሁ ቆማችኋል። መጀመሪያ ቁልፉን አቀብለው የማን እንደሆነ ቀስ ብለው የሚነግሩ ቋንቋዎች አሉ፤ የእነሱ ቅርንጫፍ ወደ ቀኝ ነው የሚዘረጋው። የእኛ አድማጭ ግን ተሸካሚ ነው። ዓረፍተ ነገሩም ያው ነው፤ ግሱ እስኪመጣ ሁሉንም ይዞ መቆም አለበት።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምን እንደምሆን ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

የጋሼ መጽሐፍ ስለዚህ ነው። ሃያ ዓመት ሠርተውበታል። ሳሎናቸው ውስጥ ዐሥራ አራት የካርድ ሣጥን መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ዛፉ። ግማሹን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ምዕራፍ አምስት ላይ ቆሟል። ማን ይጨርሰው የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ያልተነሣው ጥያቄ ስላልሆነ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

እትዬ ደወሉ። ጋሼ ግስ ተናገሩ።

እኔ ፈተና ሳስፈትን ነበር። ጭምቷ ግን እዚያው ነበረች። እትዬ እንደነገሩኝ፣ ጋሼ «ሻዩ...» ብለው ቆሙ። እትዬ ስኳር ሊጨምሩ ሲነሡ ጭምቷ በዓይኗ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ሁሉም ዝም። በመጨረሻ ጋሼ «ቀዘቀዘ» አሉ።

«እውነትም ቀዝቅዞ ነበር» ብለው እትዬ በስልክ ሳቁ።

«ያን ያህል ከተጠበቀማ ይቀዘቅዛላ» አልኩ።

እሳቸው ግን፣ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ከአፉ ላይ ትነጥቂዋለሽ» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም። «ገና 'መስኮት' ሲል ሮጠሽ ትከፍቺዋለሽ። ዝጊው ሊል ይሆናል እኮ።»

እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። በሩ ላይ የጭምቷ ጫማ ነበር። ተመለስኩ። የሚታረም ፈተና ስለነበረኝ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ። የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ የጋሼን መጽሐፍ የሚጨርሰውን ሰው ስም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይፈልጋል።

«አንቺ እንደምትሆኚ ሁላችንም እናውቃለን» አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ብቻ ለወጉ ያህል አንዴ ጠይቂያቸው። አምና ሐሙስ ሐሙስ ከጭምቷ ጋር የሆነ ነገር ይሠሩ ነበር መሰለኝ።»

ሐሙስ ሐሙስ።

አምና ሐሙስ ስደውልላቸው «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ነዪ» ይሉኝ ነበር። እኔም ለእትዬ፣ ጋሼ እያረጁ ነው መሰለኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይደክማቸዋል ብያለሁ። እትዬ ምንም አላሉኝም። ምን ይበሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ጠየቅኳቸው።

እትዬ መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ነበርን። በግራ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ መጽሐፉን ማን ይጨርሰው?» አልኩ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ካርዶቹን» አሉ። «ሣጥኖቹን... ለልጅቷ...»

ቆሙ።

እዚያ ቤት «ልጅቷ» የምትባለው ጭምቷ ናት፤ ይህን ልካድ ብል አልችልም። ግን ለልጅቷ ምን? ስጪ ነው? አትስጪ ነው? አሳዪ ነው? በቋንቋችን አዎና አይደለም እንኳ የሚለዩት መጨረሻ ላይ፣ ግሱ ላይ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግንባራቸውን ላብ አወጣው፣ ግሱ ግን አልመጣም። ሲቸገሩ ማየት አልቻልኩም።

«ለልጅቷ አትስጪ ነው የሚሉኝ? ገና ናት፣ አትችለውም ነው?»

ዝም።

«እኔ ልያዘው?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ራሳቸውንም ዝቅ አደረጉ። ዝቅ አድርገዋል፤ አይቻለሁ።

እትዬ መድኃኒቱን ይዘው ገቡ። «ምን ስታወሩ ነበር?» አሉ። ስለ ሥራ ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ለኃላፊው ጻፍኩለት። «ጋሼ ሥራውን እኔ እንድጨርሰው ፈቅደዋል።» አምስት ቃል። ግሱ በቦታው።

ራሳቸውን ዝቅ አድርገዋል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሣጥኖቹን ወደ ቢሮዬ አመጣሁ፤ በባለቤቴ መኪና፣ በሁለት ምልልስ። ጋሼ ተኝተው ነበር። እትዬ በር ላይ ቆመው «እሱ ያውቃል አይደል?» አሉኝ። ያውቃሉ አልኩ።

ጭምቷ ሣጥን እየተሸከመች አገዘችኝ። ዝናቡ እንዳይነካቸው የራሷን ካፖርት አውልቃ አለበሰቻቸው፤ እሷ በሸሚዝ እየበሰበሰች። ትቆጣለች፣ ቢያንስ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። መኪናው በር ላይ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ዐሥራ ሦስተኛውን አደራ፣ ሥሩ ላልቷል።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ዐሥራ ሦስተኛውን ሣጥን ዛሬ ከፈትኩት። እስካሁን የቆየሁት ሆን ብዬ አይደለም፤ በተራ እያነበብኩ ስለነበር ነው።

ውስጡ ያለው ጽሕፈት የጋሼም የእኔም አይደለም። ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ከአውቶቡስ፣ ከመድኃኒት ቤት ወረፋ፣ ከደረጃ ላይ የተለቀሙ ናቸው። «መጣ እኮ፣ ያ ሰውዬ።» «አልበላም አለኝ፣ ልጁ።» «የት አደረግሽው፣ ደረሰኙን?» አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ካርድ። በሁሉም ላይ ግሱ ቀድሟል፤ የቀረው ከኋላው ተንጠልጥሏል።

እኔና ጋሼ እንዲህ ያለውን ስንጥለው ኖረናል። የአፍ ስህተት ነው፣ ሰው ሲቸኩል የሚያመልጠው ነው እያልን። በእጄ የቀደድኩት ስንት እንደሆነ አላውቅም። ጭምቷ ደግሞ ከካርዶቹ ፊት ባስቀመጠችው ወረቀት ላይ ስህተት አይደለም ትላለች። ሰው ሸክሙ ሲከብደው፣ ሲጣደፍ፣ ሲያዝን፣ ዋናውን አስቀድሞ ያስረክብና ዝርዝሩን ቀጥሎ ያቀብላል። ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ ግራ የሆነ ቋንቋም በጭንቅ ጊዜ ወደ ቀኝ የሚዘረጋው እጅ አለው ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቀዳዳ ላገኝለት። አላገኘሁም።

ከሥሩ የጋሼ ቀይ እርሳስ አለ። «ትክክል ነሽ። ሃያ ዓመት ተሳስቻለሁ። ምዕራፍ አምስትን አብረን እንደገና እንጽፈዋለን።»

ለእኔ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ «ጥሩ» ብለው ጽፈውልኛል። ሁለት ጊዜ «በጣም ጥሩ»። ሁለቱንም አስቀምጫቸዋለሁ። «ተሳስቻለሁ» ብለውኝ ግን አያውቁም። የሚያርማቸው ሰው መፈለጋቸውን ባውቅ ኖሮ አርማቸው ነበር? እንጃ። እኔ ሁልጊዜ የፈለግኩት እንዲስማሙብኝ ነበር።

ባለቤቴ አየኝና «ምን እያነበብሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የከሰለው?» አለ።

«የተማሪ ሥራ» አልኩት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ምዕራፍ አምስትን እየጻፍኩ ነው። ያለ ዐሥራ ሦስተኛው ሣጥን። ሥሩ ስለላላ ከጠረጴዛዬ ሥር አስገብቼዋለሁ። ለጊዜው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ኮሪደር ላይ። ኃላፊው ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሲነግራት ሰማሁ። «ጭምቷ ለሐኪሟ አንድ መላ አመጣችላት አሉ። ግሶቹን ካርድ ላይ ጽፈው ፊታቸው ይደረድሩላቸዋል፤ ጋሼ መጀመሪያ ግሱን ያነሡና የቀረውን ከኋላ ይናገራሉ። ይሠራል እኮ፣ ገርሞኛል።»

«ይህቺ ልጅ ጭምት ብቻ አይደለችም» አለች ሠራተኛዋ።

የጠቀማቸው እኔ ከጠረጴዛ ሥር የከተትኩት ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል ብዬ ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አነሣሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሁላችንም ነበርን፤ እትዬ፣ ሐኪሟ፣ ጭምቷ፣ እኔ። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ዐሥር ካርድ ደረደረች። ክፈቱ፣ አምጡ፣ ስጡ፣ ተዉ፣ የመሳሰለው። ጋሼ በግራ እጃቸው «ክፈቱ» የሚለውን አነሡና «መስኮቱን» አሉ። እትዬ ከፈቱ። «አምጡ» አነሡ፤ «መነጽሬን» አሉ። መነጽሩን ሲያጠልቁ ያ ሰሌዳ ላይ ዛፍ የሚስሉት ሰው መሰሉኝ።

ከዚያ ቀና ሲሉ ባዶውን መደርደሪያ አዩ። ብዙ አዩት። እጃቸው ካርዶቹ ላይ ዞሮ ዞሮ «ስጡ» የሚለውን አነሣ።

«ካርዶቹን» አሉ። «ለልጅቷ።» በያዙት ካርድ ወደ ጭምቷ ጠቆሙ።

ጭምቷ ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ሣጥኖቹ እኮ እሳቸው ጋ ናቸው» አለች ወደ እኔ እያየች። «በሰኔ እርስዎ ፈቅደውላቸው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ተዉ» የሚለው ካርድ እጃቸው አጠገብ ነበር፤ ያነሡታል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሡም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሐኪሟ ካርዶቹን ሰበሰበች። «እንዲህ ሲያደርጉ እሺ ማለታቸው እንዳይመስላችሁ» አለች፤ ለሁላችንም ነው ያለችው። «ሲደክማቸው ነው። በቃኝ ማለታቸው ነው።»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ቢሮ ገባሁ። ምንም አልሠራሁም።

ጭምቷ ደረጃው ላይ አለፈችኝ። «እንደምን አደሩ» አለች። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

አልጠየቀችም። ሁሉን የምትጠይቅ ልጅ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ለባለቤቴ ነገርኩት። ደጅ መኪናውን እያጠበ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ጨርቁን ጨመቀ።

«ጠየቅሻቸው ወይስ ነገርሻቸው?» አለ።

«ጠየቅኳቸው።»

«መልሱን ማን ሰጠ?»

ባልዲውን አቀበልኩት።

«አንዳንድ ተማሪዎች አሉኝ» አለ ጎማውን እያሸ። «መስቀለኛ መንገድ ላይ ማዶ ያለው ሾፌር ዝንብ ሲያባርር 'እለፉ' ያላቸው ይመስላቸዋል። ማለፍ ስለፈለጉ።»

«ይጋጫሉ?»

«አይ፣ አብዛኞቹ በደህና ያልፋሉ። ችግሩ እሱ ነው፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ ያደርጋሉ።»

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ጋሼ አልፈቀዱም፣ እኔ ነኝ ፈቅደዋል ያልኩት፣ አልኩት። ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገ። የተቆጣ አልመሰለኝም፤ ከባድ ዕቃ እንዳቀበሉት ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ የሚፈልግ ነበር የሚመስለው።

«እንግዲህ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትሠሩትስ?» አለ። «ስምሽም አይቀርም፣ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን ማንም ስለማያነበው እጽፈዋለሁ። ከዚያ «ሥራው የእሷ ነው» አልኩ። አይሆንም፣ አንቺ ነሽ የለፋሽው ብሎ እንዲከራከረኝ ጠበቅኩ። አልተከራከረኝም።

ጭምቷ ያለችው ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሌሎች ሁለት ረዳቶች ጋር። ብቻዋን ነበረች። ቆሜ ነገርኳት።

«ምን ብለው ነበር?» አለችኝ። «ልክ እንዳሉት ይንገሩኝ።»

«'ካርዶቹን፣ ሣጥኖቹን፣ ለልጅቷ' ብለው ቆሙ።»

ቃላቱን ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ደገመቻቸው። «ምን ያህል ጠበቋቸው?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ» አለች። «እስካሁን ረጅሙ አርባ ሰከንድ ነው።»

አርባ ሰከንድ። ወንበር ስቦ ለመቀመጥ የሚበቃ ጊዜ።

«ስድስት ሳምንት አለፈ» አለች። ድምጿ አልጨመረም። «በየቀኑ እዚያ ቤት ስገባ ጋሼን በምን አስቀየምኳቸው እያልኩ ነበር። ሥራውን የነሱኝ እሳቸው መስሎኝ። ላለመጠየቅ የፈራሁት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር... ለመጠየቅ የፈራሁት ማለቴ ነው።»

ይህን አስቤው አላውቅም። እሷ ሁሉን እንዳገኘች ሳስብ ነው የከረምኩት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ።

እሺ አላለችም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለች። «ሣጥኖቹን ነገ እወስዳለሁ» አለች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ወሰደቻቸው። ዐሥራ ሦስተኛውን እኔ ራሴ ከጠረጴዛ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። የት እንደነበር አየች።

የጻፍኩትን የምዕራፍ አምስት ረቂቅም አብሬ ሰጥቻት ነበር፤ ልትጥለው እንድትችል። ዛሬ ከሰዓት መለሰችው። ሦስተኛው ክፍል አጠገብ በእርሳስ፣ «ይህ ክፍል ጥሩ ነው። ብጠቀምበት ይፈቅዱልኛል?» ብላለች። ስድብ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። የለበትም። ስድብ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

«ፈቅጃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄኛውስ እውነት ነው።

ኃላፊው ስሟን ለማተሚያው ልኳል። በስብሰባ ላይ ሲነገር ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቼ ጀመርኩ፣ ትንሽ ዘግይቼ አቆምኩ። ሰው ያየ ይመስለኛል።

ጋሼ ቤት ከሄድኩ ዐሥር ቀኔ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

እትዬ ደወሉ። «ምነው ጠፋሽ?» አሉ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ልጄ፣ እኔን ተዪኝ» አሉ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ተቆጥቻለሁም፤ ስትመጪ እቆጣሻለሁ። አሁን የደወልኩት ለሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ያለ ካርድ፣ ያለ ምንም፣ ከራሱ 'ቀረች' አለ። ማን ናት ብለው ዝም። የእህቱን ስም ጠራሁለት፤ አይደለችም። ሐኪሟን አልኩት፤ አይደለችም። ያንቺን ስጠራ አለቀሰ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ቀረች። ናፈቀችኝ ማለት ይሆናል። ተቀይሜባታለሁ ማለትም ይሆናል። ከእንግዲህ አትመጣም፣ ተገላገልን ማለትም ይሆናል። የሚጥመኝን መርጬ ልጨርሰው እችላለሁ፤ ለዚህ ማን ብሎኝ። አልጨረስኩትም። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ደጃፉ ላይ ስደርስ የጭምቷ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ካርድ እያነበበችላቸው ነው፤ ጋሼም አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ። በመሃል ዝም ይላሉ፣ ሁለቱም፣ ደህና አድርገው። ያ ዝምታ የሁለቱ ብቻ ነው። ቅናቱ እንደ ወትሮው ተነሣ። በአንድ ይቅርታ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ፣ ብመለስ ማንም አላየኝም ብዬ አሰብኩ።

እትዬ በሩን ከፈቱ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ግቢ እንጂ» አሉ። «በብርድ አትቁሚ።»

ገባሁ።